መመሪያውን በነፃ ለቀቃችሁት፤ ፈቃዱስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ አዘረጋግ 38 ገጽ መመሪያ በአማርኛ ጻፍኩ። ራውተሩን የት ማስቀመጥ እንደሚሻል፣ አንዱን ፕሪንተር ሁሉም ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠቀምበት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቱን ቀድሞ ማብራት እንደሚያዋጣ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ፒዲኤፍ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። መጨረሻው ገጽ ላይ «በነፃ የተዘጋጀ» ብዬ ጻፍኩና ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

የት ያልቃል። መጀመሪያ አንዲት የኮሌጅ መምህርት «ለተማሪዎቼ ላባዛው?» ብላ ጠየቀችኝ። ችግር የለም አልኳት። ቀጥሎ አንዱ «ገጽ 17 ላይ ያለው የድሮው ራውተር ነው፣ ሥዕሉን ቀይሬ ልልቀቀው?» አለ። እሺ። ሌላው ወደ አፋን ኦሮሞ ሊተረጉመው ፈለገ። እሺ። ከዚያ ስልክ ቀየርኩ፤ አካውንቴም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ጠይቆ መልስ እንዳጣ እግዜር ይወቀው።

ፈቃድ፣ ማለትም ላይሰንስ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እናንተ በሌላችሁበት «እሺ» የሚልላችሁ ጽሑፍ ነው። ስትመርጡም ዛሬ የሚያመሰግናችሁን አንባቢ አታስቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገጽ 17ን ሊያርም ፈልጎ እናንተን ማግኘት ያልቻለውን ሰው አስቡ። ሁሌ እሱን እያሰብኩ ነው የምመርጠው።

ሳንጀምር አንድ ነገር። በአማርኛ አንዲት «በ» ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። ሰነዱ «በነፃ» ነው ማለት አይከፈልበትም ማለት ነው። ሰነዱ «ነፃ» ነው ማለት ግን ሌላው ሰው እንዲያባዛው፣ እንዲያርመው፣ እንዲያሰራጨው ተፈቅዶለታል ማለት ነው። እኔ የጻፍኩት የመጀመሪያውን ነበር፤ ያሰብኩት ግን ሁለተኛውን።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ

የሌላ ሰው ንብረት ላይ ፈቃድ መስጠት አይቻልም። ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ነው።

ጽሑፉን የጻፋችሁት በሥራ ሰዓት፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ሥራ ከሆነ ቁም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ተቀጥሮ ወይም ታዞ የተሠራ ሥራ ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ አለቃችሁን ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ። አንድ መስመር ኢሜይል ይበቃል። «በቃል ተስማምተናል» የሚባለው ነገር አለቃው የተቀየረ ቀን ያልቃል።

ቀጥሎ ከሌላ ቦታ የወሰዳችሁትን ፈልጉ። ከአምራቹ ድረ ገጽ የተወሰደ ሥዕል አለ? ከሌላ መመሪያ የተቀዳ አንቀጽ አለ? የተረጎማችሁት ክፍል አለ? ትርጉም ከዋናው ሥራ የሚወለድ ነው። ስለዚህ ዋናው ላይ ያለው ግዴታ ልጁንም ይከተለዋል። የሞዚላን (የፋየርፎክስ ብራውዘር አዘጋጆች) የድር ሰነዶች ወደ አማርኛ ብትመልሱ፣ ዋናው ጽሑፍ ክሬቲቭ ኮመንስ ባይ-ኤስኤ በተባለው፣ «የተቀየረውም በዚሁ ፈቃድ ይልቀቅ» በሚለው ፈቃድ (ደረጃ 3 ላይ አብራራዋለሁ) ስለሆነ የእናንተም ትርጉም በዚያው መንገድ መሄድ አለበት። ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ተርጉማችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ።

አብሯችሁ የጻፈ ሰው ካለም ጠይቁት። አሁኑኑ። ከዓመት በኋላ ውጭ ሄዶ ታጡታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ዝም ካላችሁ ምን እንደሚሆን እወቁ

ምንም ካልጻፋችሁ ሰነዱ የማንም ይሆናል ብላችሁ አታስቡ። የተገላቢጦሽ ነው። ሥራው ገና እንደተሠራ፣ ምዝገባ ሳያስፈልግ፣ ሕጉ ይጠብቀዋል። ጥበቃው የደራሲውን ዕድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። በ30 ዓመቴ ጽፌ እስከ 75 ብኖር፣ የራውተር መመሪያዬ 95 ዓመት ተቆልፎ ይቀመጣል ማለት ነው። ራውተሩ እንኳን 95፣ ስድስት ዓመትም አይቆይ።

ደረጃ 3፦ ለራሳችሁ ሦስት ጥያቄ መልሱ

የፈቃድ ዓይነት ብዙ ነው። ግን ሁሉም የሚለያዩት በሦስት ነገር ነው። ሰው ይቀይረው? ሰው ይሽጠው? የቀየረው ሰው የእሱንም በዚያው ፈቃድ የመልቀቅ ግዴታ ይኑርበት?

በእነዚህ ላይ የተመሠረቱት በጣም የታወቁት የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ነው። አሁን የሚሠራበት 4.0 የተባለው እትም ደግሞ በ2013 ወጣ። ስማቸው በምሕጻረ ቃል ስለሚጠራ (ሲሲ ማለት ክሬቲቭ ኮመንስ ነው) መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። «ሲሲ ባይ» ሲባል «ሲሲ፣ ሲሲ የሚል ሰው» የመሰለው ጓደኛ አለኝ።

ሲሲ ባይ ማለት፦ ስሜን ጥቀስ እንጂ የፈለግከውን አድርግ። ቀይረው፣ ሽጠው፣ ከራስህ ጋር ቀላቅለው።

ሲሲ ባይ-ኤስኤ ማለት፦ ከላይ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ቀይረህ ካሰራጨኸው የአንተንም በዚሁ ፈቃድ ልቀቀው። «ካሰራጨኸው» የምትለዋን ልብ በሉ። ቀይሮ ለራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠ ሰው ምንም ግዴታ የለበትም።

ሲሲ ዜሮ ማለት ደግሞ፦ ስሜንም ባትጠቅስ ግድ የለኝም፣ መብቴን ትቻለሁ።

ኤንሲ የሚለው ቅጥያ «ለንግድ አይውልም» ነው። ኤንዲ የሚለው «ተቀይሮ አይሰራጭም»። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለበት ሰነዱ በነፃ የሚገኝ እንጂ ነፃ አይባልም። ኤንዲን ለቴክኒክ ጽሑፍ ጭራሽ እርሱት። ትርጉምም እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር ያ የአፋን ኦሮሞ ተርጓሚ ሥራውን ማሰራጨት አይችልም። ሶፍትዌሩ በየስድስት ወሩ እየተቀየረ መመሪያው የማይቀየር ከሆነ ምኑን መመሪያ ሆነ?

ኤንሲ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወደው እሱን ነውና። እኔም ወድጄው ነበር።

ደረጃ 4፦ «ለንግድ አይውልም» ከማለታችሁ በፊት ኮፒ ቤቱን አስቡ

ሁለተኛውን እትም ሳወጣ «ማንም አይነግድብኝም» ብዬ ባይ-ኤንሲ-ኤስኤ አደረግኩት። ያቺ መምህርት ተመልሳ መጣች። ተማሪዎቿ ፍላሽ ይዘው ኮሌጁ በር ላይ ያለው ኮፒ ቤት ሄደዋል። የኮፒ ቤቱ ልጅ ፒዲኤፉን ከፈተ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ለንግድ ዓላማ አይውልም» የሚለውን አነበበና «እኔ በገጽ ነው የማስከፍለው፣ ይኼ ንግድ አይደለም እንዴ?» ብሎ መለሳቸው። እንደዚህ ዓይነት ጥንቁቅ ኮፒ ቤት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ግን ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ቆይቼ ሳነብ ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። ግሬት ማይንድስ የተባለ የትምህርት መጻሕፍት አዘጋጅ፣ በባይ-ኤንሲ-ኤስኤ 4.0 የለቀቀውን የሒሳብ ትምህርት ለትምህርት ቤቶች በክፍያ ያባዛውን ፌዴክስ ኦፊስን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፌዴክስ ፈረደ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ማባዛት የሚችል ከሆነ በኮፒ ቤት በኩል ማሠራቱ ፈቃዱን አይጥስም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ኦፊስ ዲፖ በተባለ ሌላ አባዢ ድርጅት ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። ስለዚህ የእኛ ኮፒ ቤት ልጅ ሊያባዛ ይችል ነበር። ግን ለአንድ ኮፒ ጥያቄ ሁለት የይግባኝ ችሎት አስፈልጓል። የእናንተ አንባቢ ይህን ሁሉ አያነብም፤ ይተወዋል።

ኮፒ ቤቱ ቢፈታ እንኳ ሌላው አይፈታም። ክፍያ የሚቀበል ማሠልጠኛ ማዕከል ንግድ ነው? ማስታወቂያ ያለበት የቴሌግራም ቻናልስ? የግል ኮሌጅስ? ሁሉም የየራሱን መልስ ይሰጣችኋል። በዚያ ላይ ኤንሲ ያለበት ጽሑፍ ዊኪፔዲያ ላይ አይገባም።

ፍርሃታችሁ «አንዱ መጽሐፍ አድርጎ ያትመውና ይከብርበታል» ከሆነ፣ ኤስኤ ራሱ ግማሹን ይመልስላችኋል። ያሳትም፤ ግን ስማችሁን መጥቀስ፣ ያሻሻለውንም ለሁሉም መክፈት ይኖርበታል። እናንተም የእሱን ማሻሻያ ትወስዱታላችሁ። 38 ገጽ የራውተር መመሪያ ሸጦ የከበረ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ለእኔም አስተዋውቁኝ።

እና የእኔ ምክር፦ ለጽሑፉ ባይ-ኤስኤ 4.0። ዋናው ፍላጎታችሁ ማንም በየትኛውም ቦታ እንዲጠቀምበት ከሆነና የሚመለስላችሁ ነገር ግድ ካልሰጣችሁ ባይ 4.0። ለአብዛኛው ሰው ከዚህ በላይ ማሰብ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ጂኤፍዲኤልን ካገኛችሁት አትደንግጡ፣ አዲስ ሥራ ላይ ግን አትጀምሩት

ጂኤፍዲኤል፣ ማለትም ግኑ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የሰነድ ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው በትክክል ለሶፍትዌር መመሪያ ተብሎ ነው። አንድ ጥሩ ሐሳብ አለው፤ ደረጃ 8 ላይ እመለስበታለሁ። ግን ይከብዳል። ሙሉ የፈቃዱ ጽሑፍ ከሰነዱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። የእኔ መመሪያ 38 ገጽ ነው፤ ሁለት ገጽ በራሪ ወረቀት ብሠራበት ግን ፈቃዱ ከወረቀቱ ይበልጣል። ከ100 በላይ ቅጂ ያሳተመ ሰው ተጨማሪ ግዴታ አለበት። በዚያ ላይ ደራሲው «ይህን ክፍል ማንም እንዳይነካው» ብሎ ማጠር ይችላል። ለምሳሌ መግቢያውን። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት የሚያዘጋጁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ድምፅ ሰጥተው፣ እንዲህ የታጠረ ክፍል ያለበት ሰነድ ነፃ አይደለም፣ የሌለበት ግን ነፃ ነው ብለው ወሰኑ።

ዊኪፔዲያም መጀመሪያ በዚህ ፈቃድ ነበር። ሊወጣ ሲፈልግ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎችን አንድ በአንድ ማስፈቀድ አይቻልም። ስለዚህ የፈቃዱ ባለቤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 እትም 1.3ን አውጥቶ እስከ ነሐሴ 1 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ክፍት የሆነ የመውጫ በር ከፈተላቸው። በሩ ሳይዘጋ ወጡ። እናንተ ግን ለስህተታችሁ እንዲህ በር የሚከፍት አይኖርም፤ ቀድማችሁ ምረጡ።

የምታርሙት ነባር ሰነድ፣ ለምሳሌ የአርች ዊኪ (አርች የተባለው ሊኑክስ የመመሪያ ድረ ገጽ) ገጽ፣ በጂኤፍዲኤል ከሆነ በዚያው ቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ የኮድ ምሳሌዎቹን ለዩ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መመሪያዬ ውስጥ ፕሪንተሩ ሲጠፋ አገልግሎቱን እንደገና የሚያስነሳ ስድስት መስመር ስክሪፕት አለ። አንዲት ፕሮግራመር ስድስቱን መስመር ገልብጣ የመሥሪያ ቤቷ ፕሮግራም ውስጥ ብትከት፣ የባይ-ኤስኤ ግዴታ ፕሮግራሙ ድረስ ይከተላታል ወይ? ለስድስት መስመር ጠበቃ ልትጠይቅ ነው። ክሬቲቭ ኮመንስ ራሱ ፈቃዶቹን ለሶፍትዌር አትጠቀሙባቸው ይላል።

ሞዚላዎች የፈቱበትን መንገድ ቅዱ። ጽሑፉ ባይ-ኤስኤ ነው፤ ከነሐሴ 20 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገቡ የኮድ ምሳሌዎች ግን በሲሲ ዜሮ ነው የሚለቀቁት። ስሜ ይጠቀስ ካላችሁ ለኮዱ ኤምአይቲ የተባለውን አጭር የሶፍትዌር ፈቃድ ስጡት። እኔ ለስድስት መስመር ስሜን አልፈልግም፤ ሲሲ ዜሮ አደረግኩት።

ደረጃ 7፦ ሰነዱ ማን ቤት እንደሚኖር እዩ

ሰነዱ ብቻውን የሚኖር ከሆነ እስካሁን ያልኩት ይበቃል። የአንድ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አካል ከሆነ ግን የቤቱን ሕግ ተከተሉ። የኩበርኔቲስ (የሰርቨር ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ሰነዶች በሲሲ ባይ 4.0 ናቸው። የሊብሬኦፊስ (ነፃው የቢሮ ሶፍትዌር) መመሪያዎች በሁለት ፈቃድ ነው የሚወጡት፤ ጂፒኤል 3 የተባለው የግኑ የሶፍትዌር ፈቃድ ወይም ሲሲ ባይ፣ ተጠቃሚው የፈለገውን ይመርጣል። እነሱን ስትተረጉሙ «እኔ ባይ-ኤስኤ ነው የምወደው» ማለት ትርፉ ሥራችሁ ዋናው ፕሮጀክት ውስጥ ሳይገባ መቅረት ነው።

ከአማርኛ ዊኪፔዲያ ጋር መለዋወጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ባይ-ኤስኤ 4.0 ላይ ነው። የእናንተ ባይ ወይም ባይ-ኤስኤ 4.0 ከሆነ ይገባል።

ደረጃ 8፦ ጻፉት፣ በትክክል ጻፉት

«ክሬቲቭ ኮመንስ» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ስድስት ዓይነት አለ፤ የቱ ነው? የትኛው እትም? አራት ነገር ይግባ፦ የሰነዱ ስም፣ የጸሐፊው ስም፣ ዋናው የሚገኝበት ቦታ፣ የፈቃዱ ሙሉ ስም ከነቁጥሩና ከነሊንኩ። የእኔ አሁን እንዲህ ይላል፦

«የአነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ አዘረጋግ፣ 3ኛ እትም፣ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024)። ጽሑፉና የራሴ ሥዕሎች በክሬቲቭ ኮመንስ አትሪቢውሽን-ሼርአላይክ 4.0 ዓለም አቀፍ ፈቃድ ተለቀዋል። የኮድ ምሳሌዎቹ በሲሲ ዜሮ 1.0 ተለቀዋል። የአምራቾች ዓርማና ከፕሮግራሞች የተነሡ ስክሪንሾቶች በዚህ ፈቃድ አይሸፈኑም። ማባዛት፣ ማረም፣ መተርጎምና መሸጥ ይቻላል፤ ስም ይጠቀስ፣ የተቀየረው ነገር ይገለጽ፣ የተቀየረው ሥራ በዚሁ ፈቃድ ይሰራጭ።» ከሥሩ ስሜ፣ የዋናው ፋይል ሊንክና የፈቃዱ ሊንክ አሉ።

ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር የጻፍኩት የውጭ አንባቢ «2016» ብቻ ሲያይ ሰነዱ ያረጀ እንዳይመስለው ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለኮፒ ቤቱ ልጅ ናት። እሷ ግን ማብራሪያ እንጂ ፈቃዱ አይደለችም፤ ፈቃዱ ሊንኩ ላይ ያለው ነው። የራሳችሁን ሕግ አትጨምሩበት። «ባይ-ኤስኤ ነው፣ ግን ያለ እኔ ፈቃድ ቻናል ላይ አይለጠፍ» ካላችሁ ሁለቱም ፈረሱ።

ቦታውም ሁለተኛው ገጽ ይሁን። የቴሌግራም ጽሑፉ ላይ ብቻ ካስቀመጣችሁት ፋይሉ ፎርዋርድ ሲደረግ ይጠፋል።

አሁን ወደዚያ የጂኤፍዲኤል ጥሩ ሐሳብ። በብዛት የሚያሰራጭ ሰው፣ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ሊከፈትና ሊታረም የሚችል ቅጂ አብሮ እንዲያቀርብ ያዛል። ክሬቲቭ ኮመንስ እንዲህ አያስገድድም፤ እናንተ ግን አድርጉት። ፒዲኤፍ ሰጥቶ «አርሙት» ማለት በሩን ቆልፎ ቤት ለእንግዳ ነው እንደማለት ነው። የምትጽፉበትን ፋይል አብራችሁ ልቀቁ። በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ) የተጻፈ መሆኑንም እዩ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። «አቢሲኒካ ሲል» እና «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች ክፍት የፎንት ፈቃድ ስላላቸው ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ብትልኩም ማንም አይጠይቃችሁም።

ደረጃ 9፦ ከለቀቃችሁ በኋላ

የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አይመለስም። ነገ ብትቆጩ ማሰራጨት ማቆም ትችላላችሁ፤ የወሰደውን ሰው ግን መልስ ማለት አትችሉም። የሰው እርማት ስትቀበሉም «እርማትህ በዚሁ ፈቃድ ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ያለበትን መልእክት አስቀምጡት። የአምስት ሰው እርማት ከገባ በኋላ ፈቃዱን ብቻችሁን መቀየር አትችሉም።

ስማችሁን ፍቆ የለጠፈ ካለ መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ጻፉለት። በ4.0 እትም መሠረት የጣሰ ሰው መብቱን ወዲያው ያጣል፤ ጥፋቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ግን መብቱ ይመለስለታል። እስካሁን ከጻፍኩላቸው ሦስት ቻናሎች ሁለቱ በዚያው ቀን አስተካክለዋል። አንዱ ብሎክ አደረገኝ።

ቀድሞ የለቀቃችሁት ፈቃድ የሌለው ቅጂ እየዞረ ከሆነ አዲሱን ስታወጡ «የቀደሙት እትሞችም በዚሁ ፈቃድ ናቸው» የሚል መስመር ጨምሩ። እኔ ያን ባደረግኩ በሳምንቱ መምህርቷ የራሷን እትም ላከችልኝ። ገጽ 17 ላይ አዲሱ ራውተር አለ፤ ሪሴት ቁልፉ ከኋላ ሳይሆን ከሥር መሆኑም በቀስት ተጠቁሟል። ከሥዕሉ ሥር «ከዋናው የተቀየረ» ብላ ጽፋለች። ሥዕሉን አንሥቼ የእኔ ፋይል ውስጥ ከተትኩት፤ ስሟንም ሁለተኛው ገጽ ላይ ጨመርኩ።